የግራሩ ከሰል

ወደ አብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ የሄድሁት የተፈጥሮ ፍቅር አስገድዶኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ከአምስት ኪሎ ጫጫታ ለአንድ ቀን መሸሽ ፈልጌ ነበር። በሻሸመኔ መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደረስሁ። ብዙም ሳልቆይ ግን እንደ ፓርኩ ጠበቃ ያደርገኝ ጀመር።

ፓርኩ በ1960ዎቹ ሲቋቋም በተለይ የውሃ ወፎች መጠለያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ ይንተከተካል፤ ለወፍ የሚተርፍ ዓሣ ግን የለውም። አብያታ ጥልቀት ባይኖረውም ዓሣ ነበረው። ስለዚህ ፔሊካኖቹ በሻላ ደሴት ላይ ጫጩት እየፈለፈሉ ምግባቸውን ከአብያታ ያመጡ ነበር። እንዲህ ያለ ትዳር! ኋላ ከዝዋይ ወደ አብያታ የሚፈሰው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲሳብ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከሐይቁ ሲቀዳ፣ አብያታ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ።

ከስካውቱ ጋር ወደ ውሃው በእግር ሄድን። ነጩ ሶዳ ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ብዙ ከተጓዝን በኋላ «ወንድሜ፣ ይኼ ሁሉ ውሃ ነበር» አለኝ። ውሃው ገና ሩቅ ነበር፤ ፍላሚንጎዎቹ ከዳር እንደ ሮዝ ክር ይታያሉ። ስንመለስ የተቆረጡ የግራር ጉቶዎች አየሁ። ያን ጊዜ ተናደድሁ። «እነዚህ ሰዎች ለልጆቻቸው እንኳ አያስቡም?» አልሁ። ስካውቱ ዝም አለ።

ወደ አዲስ አበባ የተሳፈርሁበት መኪና አስፋልቱ ዳር ከተደረደሩ የከሰል ጆንያዎች አጠገብ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። እኔም ወረድሁ፤ ተከራከርሁ፤ ሻጯን ጥቂት ብር አስቀንሼ አንድ ጆንያ ገዛሁ። ልብ በሉ፤ ጉቶዎቹን ካየሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ቤት ስደርስ እናቴ አንዱን ከሰል አንስታ በጥፍሯ አንኳኳችና «ጎሽ! የግራር ነው፤ ይቆያል» ብላ መረቀችኝ።

ያን ሌሊት ለራሴ ያቀረብሁት መከላከያ «እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚል ነበር። ቆራጩ «እኔ ባልቆርጠው ሌላው ይቆርጠዋል» ቢለኝ ግን አልቀበለውም ነበር። እንዲያውም የእርሱ ይሻላል። በፓርኩ ክልል ከብት እያረባ የሚኖር ሰው ዝናብ ሲቀርበት ግራሩን ይሸጣል። እኔስ? ቤታችን የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። ሰበባችን ቡና በከሰል ካልፈላ አይጥምም የሚል ነው።

አንድ ወዳጄ «ጉዳዩ የፖሊሲ እንጂ የአንድ ጆንያ አይደለም» ይለኛል። እውነት አለው፤ ወንዙን የሳብሁት እኔ አይደለሁም። ሆኖም ከሰፈራችን ብሔራዊ ሙዚየም ያለችውን ድንቅነሽን መጠበቅ ቀላል የሆነው ምሳ ሊያበስልባት የሚፈልግ ስለሌለ ነው። ግራሩ ግን በየቀኑ ገዢ አለው፤ ከገዢዎቹም አንዱን በስም አውቀዋለሁ።

ጆንያው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ተጋምሷል። እናቴ ለፋሲካ ሌላ እንዳመጣላት ጠይቃኛለች። ከየት እንደመጣ ገና አልነገርኋትም።