ቅሉና ጀሪካኑ

ለመሆኑ ቅርስ የማን ነው? ይዞት የሚኖረው ሰው ነው ባለቤቱ፣ ወይስ ሊያየው አገር አቋርጦ የመጣው እንግዳ? እኔ መልሱ ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ሐረር ላይ አንዲት ወተት ሻጭ እስክታፋጥጠን ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ወዳጄ ጋር ከድሬዳዋ ተነስተን የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት ወጣን። ሐሳባችን በየመንደሩ እየቆምን የወተቱን፣ የቅቤውንና የአይቡን ሙያ ማየት፣ ከዚያም ጀጎልን መጎብኘት ነበር። ድሮ ከዘይላና ከበርበራ ወደብ የሚነሳ ቅፍለት በበረሃ ተጉዞ ነበር ሐረር የሚደርሰው። እኛ ግን ሐረማያንና አወዳይን በሚኒባስ አልፈን፣ ከምሳ በኋላ አቦከር ካለው ማረፊያችን ደረስን።

በመንገዳችን አንድ ቤት ገብተን አይብ ሲወጣ አይተናል። ወተቱ ረግቶ እርጎ ይሆናል፤ እርጎው በቅል ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይደርቃል። ቅሉ አስቀድሞ በወይራ ይታጠናል፤ የወተቱ መዓዛ ከዚያ ነው። ወዳጄ በዚያ ቅል ፍቅር ወደቀ።

በማግስቱ ጠዋት ኤረር በር ቆመን ወደ ከተማ የሚገቡትን ሴቶች እናይ ጀመር። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው መጡ። ወዳጄ ካሜራውን አነሳና መልሶ አወረደው። «እናቴ፣ ነገ ቅሉን ይዘው ቢመጡልኝ? በጀሪካን አያምርም» አላቸው። አጠገባችን የነበረ ልጅ በኦሮምኛ ተረጎመላቸው። ሴትዮዋ ወዳጄን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ዛሬ ተራዬ ነው። ጎረቤቶቼ ወተታቸውን ሰጥተውኛል። ቅሉ ወድቆ ቢሰበርና ወተቱ ቢፈስ፣ ሌላ ተራ እስኪደርሰኝ ልጆቼ ምን ይበላሉ? አንተ ትከፍላለህ?»

ወዳጄ መልስ አጣ። እኔም አጣሁ።

ሴትዮዋ «ተራዬ» ያሉት በምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ፈረቃ አናኒ የሚባለውን ልማድ ነው። አናን በኦሮምኛ ወተት ማለት ነው፤ ፈረቃ ደግሞ ያው የምናውቀው ፈረቃ ነው። ያንዲት ሴት የዕለት ወተት ብቻውን ገበያ ቢወጣ መንገዱን አያወጣም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ወተታቸውን ለአንዷ ያዋጣሉ፤ እርሷ ወደ ከተማ ወስዳ ትሸጣለች፤ ገንዘቡም የእርሷ ይሆናል። በሚቀጥለው ተራ እርሷ ለሌላዋ ትሰጣለች። ከእቁብ ጋር ያለው ዝምድና ለማንም ግልጽ ነው። ውል የለ፣ ማኅተም የለ፤ ያለው መተማመን ነው።

እንግዲህ አስቡት። የቆመው ቅርስ ፊታችን ነበር፤ እኛ ዕቃውን ስናይ እርሱን አላየነውም።

ይሁንና በወዳጄ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። ቅሉ ለጌጥ የተፈጠረ አይደለም። ፕላስቲክ በወይራ አይታጠንም፤ ጠባብ አፉም በደንብ ለማጠብ አይመችም። ቅሉ ሲቀር የጠፋ ጣዕም፣ የጠፋ ዕውቀትም አለ። «ምን አገባን፣ ይጥፋ» ማለት ሌላ ስንፍና ነው።

ጥያቄው በሩን አልፈን ስንገባም ተከተለን። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መካናት ያሉት፣ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባው እንደየማዕረጉ ከፍና ዝቅ ብሎ ተሠርቷል፤ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን አጊጧል። እንግዳ ገብቶ ይደነቃል። ነገር ግን የድንጋይና የጭቃ ቤት በየጊዜው እጅ ይፈልጋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራውን የሚያስብ ባለቤቱ ነው፤ ጎብኚው በዚያን ጊዜ አገሩ ገብቷል። ባለቤቱ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ቢያምረው ከሐዲ ልንለው ነውን?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም እንደማይገባ፣ ሁልጊዜም በራሱ ግብ አድርጎ ማየት እንደሚገባ አስተምሯል። ወዳጄ ሴትዮዋን ክፉ አላደረጋቸውም፤ ነገር ግን ለአፍታ የሥዕሉ አካል አደረጋቸው። እኛ የከተማ ሰዎች ይህን ሳናስበው እናደርገዋለን። ለራሳችን ማቀዝቀዣና የጋዝ ምድጃ ገዝተን፣ የገጠር ዘመዳችን በጭስ ቤት የጠበሰችውን ቡና እናወድሳለን። ለውጡ ለእኛ፣ ባህሉ ለእርሷ!

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቅርስን የሚጠብቅ ሰው የሚሸከመው ሸክም አለ። «ይቆይ» የማለት መብት የሚገኘው ከዚያ ሸክም ድርሻ በማንሳት ነው። ቅሉን የሚወድ ሰው በቅል የመጣውን ወተት ዋጋ ጨምሮ ይግዛ። አሮጌው ቤት እንዲቆም የሚሻ መንግሥትም ሆነ ጎብኚ የጣራውን ጥገና ይካፈል። ይህን ካላደረገ ምኞቱ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ የተጫነ ነው። ደግሞም የመጨረሻው ቃል የባለቤቱ ነው፤ ምን ይዞ ምን እንደሚጥል የሚያውቀው የሚኖርበት ሰው ነውና። የሐረር ሰው በሠርግና በሐዘን የሚረዳዳበት አፎቻ ዘመን የተሻገረው ለተመልካች ተብሎ አይደለም፤ አባላቱ ስለሚፈልጉት ነው።

ወዳጄ በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቆ አንድ ሊትር ወተት ገዛ። ከዚያም ፎቶ ማንሳት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ሴትዮዋ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ጀሪካኑን ፊት ለፊት አቆሙት። ፎቶው ዛሬ በወዳጄ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ «ጀሪካኑ ባይኖር ጥሩ ነበር» ይለዋል። እርሱም ያን ጊዜ ስለ ተራው ማውራት ይጀምራል።