የዱሮ ዘፈን ለምን ይጣፍጣል?



«የዱሮ ዘፈን የት አለና!» ሲባል ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም። አባቶቻችን ስለ ጥላሁን ገሠሠና ስለ ብዙነሽ በቀለ እንዲህ ይላሉ። ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በካሴት ስለሰሟቸው ስለ ነዋይ ደበበና ስለ ኤፍሬም ታምሩ ይህንኑ ይደግማሉ። እኛም ሃያ ዓመት እንደ ሞላን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የሰማነውን እያነሣን «የዛሬው ደግሞ ዘፈን ይባላል?» ማለት ጀምረናል። ሁሉም የየራሱን ዘመን ካስበለጠ ሁሉም ትክክል ሊሆን አይችልም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በጉርምስናችን የሰማነውን ዘፈን ከሌላው አብልጠን ስናመሰግን የምንናገረው ስለ ዘፈኑ ነው ወይስ ስለ ራሳችን? ይህስ ፍቅራችን በሌላው ላይ በደል ያስከትላል ወይ?

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊስ የሕክምና ተማሪ ከአገራቸው ርቀው በናፍቆት የሚመነምኑ ሰዎችን ሁኔታ እንደ በሽታ ቆጥሮ «ኖስታልጂያ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙንም የሠራው «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚል ፍቺ ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ትዝታ የዜማ ስም ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች አንዱ ስሙን ከዚሁ ወስዷል። ሌላው ሊታከምለት ያሰበውን እኛ እናዜመዋለን ማለት ነው።

ታዲያ የጉርምስና ዘፈን ከሌላው ተለይቶ የማይለቀን ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ዕድሜው ራሱ ነው። የሥነ ልቡና ምሁራን በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሕይወታቸውን ትውስታ እንዲናገሩ ሲጠየቁ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን አብዝተው እንደሚያነሡ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሆልብሩክና ሺንድለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናትም ሰዎች አብልጠው የሚወዱት በአማካይ ዕድሜያቸው ወደ 24 ዓመት ገደማ ሳለ የወጡትን ዘፈኖች መሆኑን አሳይቷል። ይህ አያስደንቅም። የመጀመሪያው ባልንጀርነት፥ የመጀመሪያው ፍቅር፥ ከወላጅ ቤት መውጣት፥ የመጀመሪያው ደመወዝ በዚያ ዕድሜ ይመጣሉ፤ በዚያን ጊዜ በሬዲዮ የነበረውም ዘፈን ከእነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ ይታሰራል። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ያ ዘፈን ሲከፈት ብቻውን አይመጣም፤ ወጣትነትን አስከትሎ ይመጣል። የሚናፈቀውም ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ሳይሆን አድማጩ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጊዜ ወንፊት ነው። አምሐ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1969 ጀምሮ በ1975 አገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አውጥቷል። ሌሎችም አሳታሚዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ከእነዚያ ሸክላዎች እየመረጠ ለዓለም አሰማ። ዛሬ በየቤቱና በየታክሲው የምንሰማውም እንዲሁ የተመረጠውን ነው። በዚያ ዘመን ተዘፍኖ የተረሳውን ማንም አያነሣውም። የዛሬው ዘፈን ግን ገና አልተበጠረም፤ ከነገለባው ፊታችን ተዘርግቷል። የትናንትን ፍሬ ከዛሬ ገለባ ጋር ማመዛዘን ፍርድ ሊባል አይችልም።

«የዱሮው የራሳችን ነበር፥ የዛሬው የባዕድ ነው» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ተጫዋቾች አድርገው ወደ አዲስ አበባ ማስመጣታቸው የታወቀ ነው። በኋላ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች የደመቀው የትራምፔትና የሳክስፎን ድምፅ እንዲህ ካለው ጅምር የመጣ ነው። አለማየሁ እሸቴም የኤልቪስ ፕሪስሊን አዘፋፈንና አለባበስ በመከተሉ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ተብሏል። ዛሬ እንደ ቅርስ የምናከብረው ድምፅ በጊዜው አዲስ፥ የባዕድ ጠረንም ያለው ነበር። ዘፈን ሰውን የሚያዋርድ ወይም የሚያሳንፍ ከሆነ በቃሉ እንፍረደው እንጂ በዓመተ ምሕረቱ አንፍረደው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሰዓት እላፊ የከተማውን ምሽት አቀዘቀዘው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ብዙ ወጣቶችን በላ። በእነዚያው ዓመታት ሌሎች ወጣቶች የተበላሸ ካሴታቸውን በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ ያደምጡ፥ ያፈቅሩ፥ ይስቁ ነበር። ዛሬ ያ ዘፈን በአንዱ ቤት ሲከፈት «ደጉ ዘመን!» ይባላል። በጎረቤት ደግሞ ያንኑ ዘፈን ይወድ የነበረ ልጇ ወጥቶ የቀረባት እናት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ትወስዳለች። ከሁለቱ ማንኛው ነው የተሳሳተው? ማንም አልተሳሳተም። ስሕተት የሚመጣው ከዘፈኑ ጣዕም ተነሥተን ዘመኑን በሙሉ ደግ ነበር ብለን ስንፈርድ ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ የግብፅን ዓሣና ሽንኩርት በናፈቁ ጊዜ ሽንኩርቱ መጣፈጡ ውሸት አልነበረም። ውሸቱ ባርነቱን መርሳታቸው ነው።

እንግዲህ ትዝታን እንተወው ወይ? አይደለም። «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይባላል፤ ካለፈ ክረምት ግን ምንጭ ይቀራል። ከምንጩ መጠጣት አንድ ነገር ነው፤ ክረምቱ ይመለስ ብሎ ማልቀስ ሌላ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሦስት መመዘኛዎች ይበቁናል።

አንደኛው ምስጋና ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ሽማግሌውም ወጣቱም አልቅሶለታል፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዘፋኙ ጀርባ ግጥሙን የጻፈ፥ ዜማውን የደረሰ፥ ሳክስፎኑን የነፋ አለ፤ የብዙዎቹን ስም አናውቅም። ትዝታችን እነዚህን ሰዎች እንድንፈልግና እንድናመሰግን ካነሣሣን መልካም ነው። ራሳችንን ብቻ እንድናባብል ካደረገን ግን ዋጋው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው እውነት ነው። ያን ጊዜ የተደሰትነውንና ሌላው የተሠቃየውን አብሮ የሚይዝ ትዝታ ሙሉ ነው፤ አንዱን ብቻ የሚይዝ ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛው ለታናናሾቻችን የምናሳየው ፍትሕ ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ በስልኩ የሚሰማውን ዘፈን ስንንቅበት የምንንቀው ዘፈኑን ብቻ እንዳይመስለን። የመጀመሪያ ወዳጁን ያገኘበትን፥ የመጀመሪያ ኀዘኑን የተጽናናበትን ወራት እያጣጣልንበት ሊሆን ይችላል። እኛም በዚያው ዕድሜ ሳለን ታላላቆቻችን ቢንቁብን አንወድም ነበር።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ትልልቆቹ የጥንቱን ካሴት ሲከፍቱ አንሳቅ፤ «በዚያን ጊዜ የት ነበሩ? ከማን ጋር ነበሩ? የቀረውስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቃቸው። ከመልሳቸው በታሪክ መጽሐፍ የማናገኘውን እንማራለን። ታናናሾቻችንም የእነርሱን ሲከፍቱ አንድ ዘፈን እንኳ እስከ መጨረሻው አብረናቸው እንስማ። የእነርሱም ትዝታ ዛሬ እየተሠራ ነውና።