ለወላጆቻችን የምንቀጥራት ማን ናት?



ስለ ወላጅ ሐቅ በየሚንበሩ ብዙ ተብሏል። በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 23 አላህ (ሱ.ወ) እርሱን ብቻ ከመገዛት ቀጥሎ ለወላጅ በጎ መዋልን እንዳዘዘ፣ በእርጅናቸው ጊዜም የመሰልቸትን ቃል እንኳ እንዳናሰማቸው እንደከለከለ የማያውቅ የለም። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ኹጥባው ካበቃ በኋላ ስለሚጀምረው ጉዳይ ነው። እናት የአልጋ ቁራኛ ሆናለች። ልጆቿ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጅዳ ናቸው፤ ገንዘብ ይልካሉ፤ በገንዘቡም ሠራተኛ ይቀጠራል። ይህች ሠራተኛ ማን ናት? ምን ታውቃለች? ሌሊት ማን ይተካታል? ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ግን ጥቂት ነው።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች የታመሙ ሽማግሌዎችን ለመዘየር ስሄድ የማየው ተመሳሳይ ነው። ቢቸና ውስጥ የገባሁበት አንድ ቤት ንጹሕ ነው፤ ምግቡም አልጎደለም። አስታማሚዋ ግን ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከአሥራ ሦስት የማይበልጥ ልጅ ናት። ከባድ እናት ብቻዋን አቅፋ ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታስተኛለች። አንድ ቀን ሁለቱም አብረው ወድቀዋል። እናቲቱ ከዚያ ወዲህ ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ ልጅቷ ደግሞ ወገቧን ይዛ ትሄዳለች። ሞጣ ያገኘኋቸው አባት ጉዳይ ሌላ ነው። የተቀጠረችላቸው ወጣት ሴት ስለሆነች ሐያቸው ገላቸውን እንድታጥባቸው አልፈቀደላቸውም። ወንድ የሚያጥባቸው የለም። ጎረቤት እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ፤ በዚህ መካከል መቀመጫቸው ቆስሏል። በሁለቱም ቤት ልጆች ገንዘብ አላቋረጡም።

በሱረቱል ቀሰስ የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ መድየን መሰደድ ተተርኳል። ታሪኩ በውስጡ የአንድ አረጋዊ ቤት ታሪክ መሆኑን ልብ የምንል ግን ብዙ አይደለንም። አባት እጅግ አርጅተዋል። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው በእረኞች መካከል መንጋ ሊያጠጡ የወጡት በዚሁ በአባታቸው እርጅና ምክንያት ነው (አንቀጽ 23)። ከሁለቱ አንደኛዋ አባቷን ሙሳን እንዲቀጥሩት ስትጠይቅ መስፈርቱን አብራ ተናገረች፦ ብርታትና ታማኝነት (አንቀጽ 26)። ርካሽነትን አልጠቀሰችም፤ ዘመድነትንም አልጠቀሰችም። አባትየውም የሥራውን ዘመን ስምንት ዓመት ብለው ቆረጡ፤ አሥር ቢሞላ ግን በሙሳ በጎ ፈቃድ መሆኑን አስታወቁ፤ ሊያስቸግሩት እንደማይሹም ነገሩት (አንቀጽ 27)። (እኒህ አባት ነቢዩ ሹዐይብ ናቸው ወይስ ሌላ ሰው በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ለያዝነው ጉዳይ ግን ልዩነት አያመጣም።) እንግዲህ የሠራተኛው ችሎታ፣ ግልጽ ውልና የሥራው መጠን በአላህ ኪታብ ውስጥ፣ ያውም በአንድ አቅመ ደካማ ሽማግሌ ቤት ዙሪያ፣ አንድ ላይ ተቀምጠዋል።

ኢብኑ ተይሚያ «አስ-ሲያሳ አሽ-ሸርዒያ» በተሰኘው ኪታባቸው ብርታት እንደየሥራው እንደሚለያይ አስረድተዋል፤ የጦር መሪ ብርታት ሌላ፣ የዳኛ ብርታት ሌላ ነው። የአስታማሚስ ብርታት ምንድን ነው? ጉልበት ብቻ አይደለም። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው አልጋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ካልተለወጠ ተረከዙና የመቀመጫው አጥንት ያረፈበት ሥጋ ደም አጥቶ ይቆስላል፤ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ተንጋሎ የተኛ ሰው ሲጎርስ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድ ስለሚችል ቀና ብሎ መቀመጥ አለበት። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ወስዶ ምግብ ካልቀመሰ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ቢቸናም ሞጣም ብርዳማ ደጋ ናቸው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ማደር ሽታ በሌለው ጭስ ታማሚውንም አስታማሚውንም አብሮ ይገድላል። የመድኃኒቱን ወረቀት ማንበብ የማትችል ልጅ ይህን ሁሉ ከየት ታውቀው? ማን አሳያት?

ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደተናገሩ አቡ ዳውድና ሌሎችም ዘግበዋል። ይህ ሐዲስ ስለ ሐኪም ነው። እኔ ግን ከልጅቷ ይልቅ ምንም ሳያሳይ መርፌና መድኃኒት በእጇ አስጨብጧት የሄደው ጎልማሳ በአላህ ፊት ምን እንደሚመልስ ያሳስበኛል።

ታማኝነት ሲባልም ሌብነትን ብቻ እናስባለን። ሸሪዓችን ዐውራን ያከብራል፤ ባዕድ ወንድና ሴት ለብቻ እንዳይገለሉም ይከለክላል። አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር ሕክምና ላይ ልዩ ፈቃድ ቢኖርም፣ ወንድ አስታማሚ መፈለግ ሳይሞከር በፈቃዱ መደገፍ አግባብ አይመስለኝም። በካይሮ ሱልጣን ቀላውን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባሠሩት የወቅፍ ሆስፒታል ለወንዶች ወንድ፣ ለሴቶች ሴት አስታማሚዎች ተመድበው ነበር። ደግሞም አደጋው የታማሚው ብቻ አይደለም። በሰው ቤት ለብቻዋ የምታድር ልጅም ክብሯና አካሏ የሚጠበቅላት አማና ናት። አሠሪ ለሠራተኛው ከአቅሙ በላይ እንዳያሸክመው፣ ካሸከመውም እንዲያግዘው በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የአቡ ዘር ሐዲስ ታዟል።

የአገራችንን ሕግ ብንመለከት አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ዓረብ አገር ቤት ለሥራ የምትሄድ እህታችን 8ኛ ክፍል እንድታጠናቅቅና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ጠይቆ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት ሲያደርግ የግል የቤት አገልግሎትን ግን ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። ለባዕድ እናት ማረጋገጫ ተጠየቀ፤ ለእኛ እናት ግን ማንም ምንም አልጠየቀም! በእንግሊዝ አገር ቤት ለቤት የአስታማሚነት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት መመዝገብ፣ በቂና የሠለጠነ ሠራተኛ መመደብ፣ ተቆጣጣሪም መቀበል ግዴታው ነው። እኛ ይህ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፤ ሕጉ ዝም ቢል ሸሪዓው ዝም አላለም።

አንዳንድ ወንድሞች «ወላጅን ለቅጥረኛ መስጠት ራሱ ነውር ነው፤ ልጅ ሄዶ ያስታምም» ይላሉ። ለሚችል ሰው እውነት ነው። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) የታመመች ባለቤታቸውን ሩቀያን እንዲያስታምሙ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታዘው ከበድር ቀርተዋል፤ ሆኖም የበድር ዘማች ድርሻና ምንዳ እንዳላቸው ተነግሯቸዋል። ከዚህ በላይ ለአስታማሚ የተሰጠ ማዕረግ አላውቅም። ነገር ግን የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ሞጣ አይገባም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድና ኔትወርክ ሲቋረጥ እናቱን በስልክ እንኳ ማግኘት ያቃተው ስንቱ ነው? በእነዚያ ቀናት ቤቱን የያዘችው ያቺው ቅጥረኛ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ ሸክሙ የጀመዓውም ነው። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉትን ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝን ያስታመመችው በነቢዩ መስጊድ በተተከለ ድንኳን ነበር፤ መስጊድ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ አሰባስበናል። ያው ጀመዓ በየሰፈሩ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ቢቆጥር፣ ዕድሜያቸው የደረሰ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች መርጦ በጡረታ ላይ ያለች ነርስ እንድታሠለጥናቸው ቢያደርግ ወጪው ከአንድ ግንብ አጥር አይበልጥም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ሥራቸው በዋናነት ለእናቶችና ለሕፃናት፣ ለንጽሕናና ለተላላፊ በሽታ መከላከል ቢታሰብም ጎን ማዞርን አሳዩን ቢባሉ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

አንተም ወንድሜ፣ ገንዘብ ከመላክህ በፊት ደውለህ ጠይቅ። እናትህን ሲያነሡ ሁለት ሰው አለ? ገላቸውን የምታጥበው ሴት ናት? ቀን የሠራችው ሌሊት ትተኛለች ወይስ እርሷው ናት የምትነቃው? ደመወዟስ በእጇ ይገባል ወይስ መንደር ላለ አጎቷ ነው የሚላከው? የመጨረሻውን ለአጎቷ ሳይሆን ለራሷ ጠይቃት፤ ስልኩን ይስጧት።