ምግብ ተሸክሞ የሚራብ ወንድም

 

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ምሳ አዘዝን። በሞተር ያመጣልን ልጅ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ደረጃውን ወጥቶ ፌስታሉን ሲያቀብለኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ብርድ መስሎኝ "ወንድሜ፣ ደህና ነህ?" አልኩት። "አልሐምዱሊላህ፣ ውሃ ካለ ብቻ" አለኝ። ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ ሻይ በቀር የቀመሰው ነገር የለም። "ቁጭ በል፣ አብረን እንብላ" ስንለው ስልኩ ጮኸ። ሌላ ትዕዛዝ ነው። "ሶብር ነው እንግዲህ" ብሎ ፈገግ አለና ወረደ።

ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ይሄ በርግጥ ሶብር ነው?

ለሐላል ሪዝቅ መልፋት ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ከመገናኛ ቦሌ፣ ከቦሌ ጀሞ ሲመላለስ ውሎ ካገኘው ላይ ለእናቱ የሚልክ ወጣት ክብር ይገባዋል። ግን ረሃብ ሁሉ ጾም አይደለም። ጾም ኒያ አለው፣ ሱሑር አለው፣ የሚያፈጥሩበት ሰዓትም አለው። በየትዕዛዙ መሐል "ትንሽ ቆይቼ" እየተባለ የሚገፋ ረሃብ ከእነዚህ አንዱም የለውም።

የሰልማንንና የአቡ ደርዳእን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱን ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ሊዘይረው ሲሄድ አቡ ደርዳእ ምግብ አቀረበለትና "እኔ ጾመኛ ነኝ" አለው። ሰልማን ግን አንተ ካልበላህ አልበላም ብሎ አስበላው። ሌሊትም ለሶላት ሊነሳ ሲል እንዲተኛ ነገረው፤ ወደ ሌሊቱ መጨረሻ አብረው ተነስተው ሰገዱ። ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው ብሎ መከረው። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ የሰልማንን ንግግር አጸደቁ። እኔን የሚገርመኝ፣ አቡ ደርዳእ ሰውነቱን የዘነጋው ለዒባዳ ብሎ መሆኑ ነው። ለዒባዳ እንኳ ካልተፈቀደ፣ ለአንድ ተጨማሪ ትዕዛዝ እንዴት ይፈቀዳል?

ደግሞም ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም። የተራበና የደከመ ሰው ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ዜብራ ላይ የምትሻገረው እናት የእሱን ምሳ አለመብላት አታውቅም።

"ጊዜ የለኝም" ለሚል ወንድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። አላህ በሱረቱል ጁሙዓ የጁሙዓ አዛን ሲሰማ ንግድን ተዉ ብሎናል፤ ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ ተበትነን ከችሮታው እንድንፈልግ ፈቅዶልናል። እረፍቱን ያደረገው ሰው ሥራ በሚፈታበት ሰዓት አይደለም። እኩለ ቀን ነው፣ ገበያው በሚሞቅበት። ለዴሊቨሪ ልጆች ደግሞ ትዕዛዝ የሚዘንብበት ሰዓት ነው። ሪዝቅን የሚሰጠው አላህ ራሱ ከሥራው መሐል አቋርጡ ካለ፣ ቆም ማለት ሪዝቅን ያጎድላል ብሎ መፍራት ከየት መጣ?

ይህን ስል ግን አፍሬ ነው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምሳ ሰዓት አለኝ፤ እሱ የሚከፈለው በትዕዛዝ ቁጥር ነው። የአስር ደቂቃ እረፍት እሱን ብር ያስከፍለዋል። ስለዚህ ነገሩ የእሱ ሸክም ብቻ ሊሆን አይችልም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋይ ምግባችሁን ሲያመጣ አብራችሁ አስቀምጡት፣ ካልሆነም አንድ ሁለት ጉርሻ ስጡት ብለው አዘዋል፤ ምክንያቱም ሙቀቱንና ድካሙን የቻለው እሱ ነው። የዴሊቨሪ ልጅ አገልጋያችን አይደለም፣ ምግቡንም አላበሰለም። ግን ሽታውን በጀርባው ተሸክሞ ከተማውን አቋርጧል። "ለምን ዘገየህ?" ብሎ ለመጮህ የሚፈጥን አፋችን "በልተሃል?" ለማለት ለምን ይከብደዋል? አሠሪ የሆናችሁም፣ ሰውን ከአቅሙ በላይ አታሸክሙ፣ ካሸከማችሁም አግዙት የሚለው ትእዛዝ ለእናንተ ነው።

ለራሳችሁ ለሞተረኞቹ ደግሞ፦ አያቶቻችን ያለ ስንቅ ሩቅ መንገድ አይወጡም ነበር። በሶ በጥብጦ በኮዳ መያዝ ውድ አይደለም። ጥቂት ቴምር፣ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ውሃ። ለስላሳና ኢነርጂ ለጊዜው ያነቃል እንጂ ምሳ አይሆንም። ዙህርና አስር ላይ መስጂድ ስትገቡ አሰላምታችሁ አልቆ ወዲያው ስልክ አትክፈቱ፤ ግድግዳ ተደግፋችሁ እግራችሁን ዘርጉ። ምግብ ቀርቦ ሆዳችሁ ከጮኸም በልታችሁ ስገዱ፤ ምግብ እያማረው የሚሰግድ ሰው ልቡ እሱ ላይ ስለሚሆን ይህም በሐዲስ የመጣ ነው።

ትናንት ምሳ ስናዝዝ አንድ ሰው አስበልጠን አዘዝን። ያመጣው ሌላ ልጅ ነበር። የእሱን ድርሻ ስንሰጠው ግራ ተጋብቶ አየን፣ ከዚያ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። "እዚሁ ብላ እንጂ" አልነው።

"አስርን ሰግጄ እበላዋለሁ" አለ፣ ስልኩን እያየ።