እግዚአብሔር ያዝናልን?

መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገብዎ ካለ እባክዎ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15ን ይግለጡ። ቁጥር 11 ላይ እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ እንደ ተጸጸተ ይነገረናል። ወረድ ብለው ቁጥር 29ን ሲያነቡ ደግሞ ጸጸት የሰው እንጂ የእግዚአብሔር ጠባይ እንዳልሆነ ያገኛሉ። ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል፣ ቁጥር 35 ላይ፣ መጸጸቱ እንደገና ተጽፏል። ጸሐፊው ረስቶት ነው እንዳንል በመካከሉ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6ም፣ ከጥፋት ውኃ በፊት፣ የሰው ክፋት በበዛ ጊዜ በእግዚአብሔር ልብ ውስጥ ነበረ የተባለው ሐዘን ነው፤ ቁጣ አይልም።

ለመሆኑ የማይለወጥ አምላክ እንዴት ያዝናል? የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት መለኮት በባሕርዩ ሕማምና ሞት እንደማይነካው፣ ነገር ግን በተዋሐደው ሥጋ እንደ ታመመና እንደ ሞተ ያስተምራሉ። በቅዳሴ ጊዜም የማይሞተውን ሕያው አምላክ በዚያው በአንድ ጸሎት የተሰቀለ እያልን እንጠራዋለን። በ5ኛው መቶ ዓመት ይህን የመሰለ ሐረግ በአንጾኪያ በጸሎቱ ላይ በመጨመሩ ክርስቲያኖች ክፉኛ ተከራክረውበታል። ክርክሩን ለሊቃውንቱ ልተወው፤ እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ።

ከታክሲው በፊት ግን አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ አመል አይለቅምና ትንሽ ሰዋስው ላንሣ። «ሰው ሞተ» ቢሉን ዜና ነው። «ሰው ሞተበት» ሲሉን ግን ተነሥተን ለቅሶ እንደርሳለን። ያቺ «በት» የምትባለው ትንሽ ቅጥያ ጉዳቱ የማን እንደ ሆነ ትናገራለች። የሌላ ሰው ልጅ ሲሰርቅ «ሌባ ነው» እንላለን፤ የራሳችን ሲሆን «ልጄ ሌባ ወጣብኝ» እንላለን። አንድ ጊዜ በብሔራዊ ፈተና ላይ ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ ነበር። ፈታኞቹ ተቆጡ፣ ዳይሬክተሩም ተቆጣ፤ ልጁን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማረው ባልደረባዬ ግን ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ኩረጃውን አቃልሎት አይደለም፤ ከሁላችንም ይልቅ የከበደው እሱን ነበር።

እግዚአብሔር አዘነ ማለት እንግዲህ ለእኔ ሳኦል ጠፋበት ማለት ነው፤ የቀባው እርሱ ነበርና። ጌታችንም ኢየሩሳሌምን አይቶ ሲያለቅስ (ሉቃ. 19፥41) የሚያለቅሰው በዚያው ሳምንት ለምትሰቅለው ከተማ ነው። መስቀሉን ይዞ ሲሄድ የሚያለቅሱለትን ሴቶች ደግሞ ለእርሱ ሳይሆን ለራሳቸውና ለልጆቻቸው እንዲያለቅሱ ነገራቸው።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። እኛ የአትላንታ ሰዎች ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ክላርክስተን ውስጥ ሰው ሞተበት ከተባለ፣ ኤርፖርት ተራ የያዘ ሾፌር ሳይቀር ተራውን ትቶ፣ አንድ ካርቶን ውኃ ገዝቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በዚያ በአንድ ወር ውስጥ በማይካድራ ብዙ አማሮች፣ በአክሱም ደግሞ ኅዳር ጽዮን ሊከበር ሲቃረብ በኤርትራ ወታደሮች ብዙ ትግሬዎች ተጨፈጨፉ። ለማይካድራ ሻማ ያበራ ሰው ስለ አክሱም ሲነሣ ማስረጃ ጠየቀ፤ ለአክሱም ያለቀሰው ስለ ማይካድራ ሲወራ ርእስ ለወጠ። «ገደሉብን» የሚለው ቃል በሁለቱም ወገን ሞላ። «ልጆቻችን ገዳይ ሆኑብን» ብሎ ድንኳን የጣለ ግን አላየሁም። በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በ2023 በአማራ ክልል ውጊያው ሲነሣም አነጋገራችን ያው ነበር።

«የወገኔን ጥፋት አደባባይ ባወጣ ጠላት ይጠቀምበታል» ይሉኝ ይሆናል። ቀላል ነገር አይደለም። ወንድሙ የተገደለበትን ሰው ደግሞ ለገዳዩ አልቅስ ማለት ጭካኔ ነው፤ እኔም አልልም። የምናገረው ማንም ላልሞተብን፣ ከውቅያኖስ ማዶ ሆነን ገንዘብና ቃል ለላክን ለእኛ ነው። ሐዘን ፍርድን ያስቀራል ማለቴም አይደለም። ሳሙኤል ለሳኦል መንግሥቱ እንደ ተወሰደበት ፊት ለፊት ነግሮታል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ሄዶ አለቀሰለት። ሳኦል ከብንያም ነገድ ነው፤ ሳሙኤል ደግሞ በተራራማው በኤፍሬም አገር ከሚኖር ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ይህ ለቅሶ እዚህ አትላንታ ቢሆን ኖሮ ሳሙኤል ቤት ማን ይደርስ ነበር?