ቆቡን ቀዶ የሚሰፋው መነኩሴ

ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የቀድሞ ተማሪዬን ለመጠየቅ ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ ብዬ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስለ ግጥም የሚጽፋቸው ወረቀቶች ደህና ነበሩ፤ እሱ ግን ካሜራውን መረጠና ሠርግ እየቀረጸ እንጀራውን ይበላል። ስደርስ ሱሪውን ወደ ላይ አጥፎ፣ ጋዜጣ መሬት ላይ ዘርግቶ ግድግዳ ይቀባል።

«በርታ! ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አልኩት።

«ክሬም ነው፣ ጋሼ።»

«በፊትስ ምን ነበር?»

ብሩሹን እንደያዘ ዘወር ብሎ አየኝና ሳቀ። «ክሬም» አለ። «አምናም በሁዳዴ የቀባሁት እኔው ነኝ።»

ሁለታችንም ስቀን ስናበቃ ያቺ የአባቶች ተረት ትዝ አለችኝ፦ ሥራ ፈት መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል።

የሠርግ ቀራጭን ኑሮ ለማያውቅ ነገሩ እንዲህ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ ከተማው በቬሎና በጥሩምባ ይሞላል። በጥር ቅዳሜና እሑድ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሽሪት ቤት፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ መናፈሻ፣ ከዚያ አዳራሽ፣ በማግሥቱ መልስ፣ ሰንበትበት ብሎ ቅልቅል። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይሠርግ፣ ለሃምሳ አምስት ቀን ስልኩ ዝም ይላል። ትንሣኤ አልፎ ሚያዝያና ግንቦት እስኪሞቅ ድረስ የሚመጣው ደንበኛ የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ነው። በዚህ እንጀራ የሚያድረው ቀራጩ ብቻ አይደለም። አዳራሽ አስጌጪው፣ ዲጄው፣ የባህል ቡድኑ፣ የሙሽራ ልብስ አከራዩዋ፣ ሁሉም በዚያው ዝምታ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ታዲያ ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ? ምክሩ ሞልቷል። አዲስ ነገር ተማር፣ ማስታወቂያ ሥራ፣ ዕቃህን አድስ ይሉሃል። ክፋት የለበትም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከምክሩ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ባዶ ጊዜ የማን ነው? በእውነትስ ባዶ ነው ወይ?

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር። «ፈታ» የሚለው ግሥ ብዙ ቤት አለው። እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ነፃ መውጣትና ብርሃን ማየት አለ። ግሡ ወደ ሥራ ሲመጣ ግን ፊቱን ያጠቁራል። «ሥራ ፈት» ማለት ስድብ ነው። «ቦዘኔ» ደግሞ ከስድብም አልፎ በ1996 ዓ.ም. ሕግ ወጥቶለታል፤ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የታወጀው አዋጅ ቁጥር 384 ነበር። እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው በጎረቤትም፣ በፖሊስም፣ በራሱም ዓይን ተጠርጣሪ ነው። መነኩሴው ቆቡን የሚቀድደው ለዚህ ይመስለኛል። የቆቡ ነገር አሳስቦት አይደለም፤ መርፌ ይዞ መታየት ስላለበት ነው። ተማሪዬም ክሬሙን በክሬም የደገመው ያው መርፌ ይዞ ለመታየት ነው።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ክረምት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ መጽሐፉን እጨርሳለሁ» እል ነበር። ሐምሌ ላይ መደርደሪያዬን በደራሲ ስም እደረድራለሁ። ነሐሴ ላይ ደግሞ በርዕሰ ጉዳይ። መስከረም ሲጠባ ያማረ መደርደሪያና ያልተጻፈ መጽሐፍ ይዤ ወደ ክፍል እመለሳለሁ። ደክሞኛልም እላለሁ። የሚገርመው፣ እውነትም ይደክመኝ ነበር።

ተረቷ ግን አንድ ነገር ደብቃለች። የመነኩሴው ቆብ በእርግጥ ደህና ነበር ወይ? ማኅሌቱና ሰዓታቱ ሲያጣድፈው፣ ሳያየው የተተረተረ ስፌት አልነበረም? በእውነት የተቀደደውን ፈልጎ የሚሰፋና ደህናውን ቀዶ የሚሰፋ፣ ከሩቅ ለሚያያቸው ያው ናቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው መርፌ ያስገባሉ፣ መርፌ ያወጣሉ። ልዩነቱ ያለው ከመርፌው በፊት፣ ቆቡን አውልቆ በብርሃን የመመርመሩ ነገር ላይ ነው።

ገበሬው ይህን ያውቃል። አዝመራውን ሰብስቦ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ ካስገባ በኋላ በበጋ የሚሠራው ሥራ የይምሰል አይደለም። በክረምቱ የተሰነጠቀ ሞፈር አለ፤ ይለውጠዋል። ያረጀ ጅራፍ አለ፤ ይገምዳል። ያፈሰሰ ጣራ አለ፤ ይከድናል። በእርሻ ተወጥሮ ያልደረሰበት ለቅሶ አለ፤ ዱላውን ይዞ ሄዶ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ልጅ ይድራል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ስናስበው፣ የበጋ ሥራው ሁሉ ዕዳ መክፈል ነው። በጥድፊያ ጊዜ ከዕቃውም፣ ከቤቱም፣ ከጎረቤቱም ተበድሮ ነበር። በበጋ ይመልሳል።

ይህን ለተማሪዬ ስነግረው ብሩሹን አስቀመጠና መሳቢያ ከፈተ። መሳቢያው ውስጥ የታሸጉ ሃርድ ዲስኮችና ያልተጠናቀቁ አልበሞች አሉ። «ቀብድ የተቀበልኩባቸው ናቸው» አለኝ። «ጥር ላይ ሌላ ሠርግ ሲመጣ የበፊቱ ወደ ኋላ ይቀራል። አንዳንዱ ደውሎ ደውሎ ሰልችቶት ተወው።» አንድ አልበም አወጣ። የሙሽሪት አባት በሠርጉ ማግሥት ታመው በሦስተኛው ወር አርፈዋል። ልጃቸውን ሲመርቁ የተነሡት ፎቶ የመጨረሻቸው ነው። እናትየው ሁለት ጊዜ መጥተው «ገና ነው» ተብለው ተመልሰዋል። ፎቶው ከተነሣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ በዚህ መካከል ግድግዳው ሁለት ጊዜ ክሬም ተቀብቷል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እሰማለሁ። «የፈጠራ ሰው ዕዳ ሲከፍል ብቻ ይኑር እንዴ? ለራሱስ መቼ ይፍጠር?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ደግሞ ምሳሌ አያጣም። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ ያናገረልን ሼክስፒር እንዲህ ያለ ረጅም ሁዳዴ ገጥሞት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1594 የለንደን ቴአትር ቤቶች በወረርሽኝ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ተዘግተው ቆዩ። መድረክ በሌለበት ጊዜ ሰውየው ወደ ረጃጅም ትረካዊ ግጥም ዞረ። «ቬነስና አዶኒስ» በ1593፣ የሉክሪስን ታሪክ የያዘው ደግሞ በ1594 ታተሙ። መድረኩ ሲከፈት የአንድ ታላቅ የተዋንያን ጓድ ባለድርሻ ሆኖ ተመለሰ።

አስተማሪዎች ይህን ታሪክ እንወዳለን፤ ተማሪን ለማትጋት ይመቻል። ሌላኛውን ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ አንናገረውም። በዚያው ወረርሽኝ፣ በፔምብሩክ መስፍን ስም የሚጠራው የተዋንያን ጓድ ገጠር ለገጠር እየዞረ ሲያሳይ ወጪውን መሸፈን አቃተውና በ1593 የመድረክ ልብሱን መያዣ አድርጎ ለአበዳሪ ሰጠ። የተዘጋው ጊዜ አንድ ነው። አንዱ ግጥም ጻፈበት፣ ሌሎቹ ካባቸውን አስያዙበት። ሰነፎች ስለነበሩ ነው እንበል? የሼክስፒር ሁለት ግጥሞች ለሳውዝሃምፕተን መስፍን የተበረከቱ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ባለጸጋ ጥላ የሚፈልግ ሰው እጅ ነበረባቸው። ተሰጥኦው የራሱ ነው፤ ጸጥ ብሎ የሚጽፍበት ጠረጴዛ ግን ከተሰጥኦ በላይ የሆነ ነገር ይጠይቃል። «ባዶ ጊዜህን ተጠቀምበት» የሚለው ምክር የሚሠራው ባዶ ጊዜው ባዶ ሆድ ላልሆነበት ሰው ነው።

ወደ ተማሪዬ ልመለስና ዋናውን ጉዳይ ላንሣ። ሦስት ወጣቶች አብረውት ይሠሩ ነበር። አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዷ ፎቶ ታስተካክላለች፣ ሦስተኛው ሁለተኛ ካሜራ ነው። ሁዳዴ በገባ ቁጥር «በሉ፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንገናኝ» ብሎ ያሰናብታቸው ነበር። ያለ ደመወዝ፣ እርግጥ ነው። ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ማንም ቅር አላለውም። በ2012 ዓ.ም. ሁዳዴም እንዲሁ ብሎ አሰናበታቸው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ ዳግም ትንሣኤ ግን ለሠርግ ቀራጮች ሳይመጣ ቀረ።

ሁለተኛ ካሜራ የነበረው ልጅ ሁለት ጊዜ ደወለ። ተማሪዬ ስልኩን አላነሣም። «ምን ልበለው?» አለኝ። «የምሰጠው አልነበረኝም። ለእኔም አልነበረኝም።» እውነት ነው። የተበላሸ ሌንስ የለወጠበት፣ አዲስ መብራት የገዛበት የጥር ገንዘብ አልቆ ነበር። ልጁ ከዚያ በኋላ በሞተር ዕቃ ማድረስ ጀመረ። ከዓመት በኋላ አንድ ቀን የፎቶ ወረቀት ሊያደርስ ወደዚያው ፎቶ ቤት መጣ። ድሮ «ወንድም ጋሼ» ነበር የሚለው። የዚያን ቀን ደረሰኙን ዘርግቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ ጌታዬ» አለው።

«ከሁላችንም ዓይን የነበረው እሱ ነበር» አለኝ ተማሪዬ። «ሰው ሙሽሮቹን ሲያይ እሱ ጥግ ላይ የተቀመጡትን አያት ያያል።»

የቀዘቀዘ ገበያን ቅዝቃዜ ማን ይሸከመው? ነገሩ ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። አለቃ ሲቀመጥ ዕረፍት ይባላል፣ ሠራተኛ ሲቀመጥ ሥራ አጥነት። ያው ሃምሳ አምስት ቀን ነው። በሁዳዴ ስድስተኛ እሑድ፣ በገብር ኄር፣ መክሊቱን የቀበረው ባሪያ ሲወቀስ እንሰማለን። ልክ ነው። ግን ያ ባሪያ ቢያንስ መክሊት ተሰጥቶት ነበር። መብራት ያዡ ልጅ የተሰጠው «እንገናኝ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የዕረፍት ትእዛዝ በኦሪት ዘጸአት ሲሰጥም ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም። አገልጋዩን፣ ከብቱን፣ በደጁ ያለውን እንግዳ ሳይቀር በስም ቆጥሯል። አብረውህ የደከሙት በጭንቀት እየተቃጠሉ አንተ የምታርፈው ዕረፍት፣ በዚያ መጽሐፍ ሚዛን ዕረፍት አይባልም።

«ታዲያ ከየት አምጥቶ?» የሚል ነጋዴ አለ። አይቀየምም፤ ጥያቄው የሒሳብ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን ከቀዘቀዘው ወቅት ውስጥ አይመስለኝም። ዮሴፍ ለፈርዖን የመከረው ምክር የሚጠቅመን እዚህ ነው። የረሃቡን ሰባት ዓመት እንዴት እንለፈው ሲባል፣ እሱ የጠገቡትን ሰባት ዓመታት ነው ያነሣው። አምስተኛው እጅ ከጥጋቡ ይቀመጥ አለ። ረሃቡ ከገባ በኋላ ብልሃት የለም፤ ያለው ልመና ነው። የሁዳዴ አያያዝ የሚወሰነው በጥር ነው። ሦስተኛውን ሠርግ በአንድ ቀን ላለመቀበል ስትወስን፣ አዲሱን መብራት ለከርሞ ስታቆየው፣ ያን ጊዜ ባዶውን ወቅት ሞላኸው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ያረፈ ሁሉ ሥራ መፈለግ አለበት ማለቴ አይደለም። በሁዳዴ የማሲንቆው ድምፅ ቀነስ ሲል በየቤቱ የሚሰማው በገና ነው። አሥር አውታር ያለው፣ ድምፁ ከሆድ የሚወጣ፣ የማያስጨፍር መሣሪያ። በጥር ጥሩምባ መካከል ቢመቱት ማን ይሰማዋል? የአንዱ ዝምታ ለሌላው ቦታ ሆነለት። ሰውም ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ጸጥ ሲል ብቻ የሚሰማ ነገር አለ። እሱን ለመስማት ዝም ብሎ መቀመጥም ያስፈልጋል። ከዚያ ተነሥቶ መርፌ ያነሣ ሰው ደህናውን ቆብ አይቀድም።

ዘንድሮ በሁዳዴ ሄጄ ነበር። ግድግዳው አልተቀባም፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ተላልጧል። ተማሪዬና ሁለቱ ወጣቶች መሳቢያውን መሬት ላይ ገልብጠው በዙሪያው ተቀምጠዋል። አንዷ ስልክ ትደውላለች፣ አንዱ ስም ይጽፋል። ከጥር ገቢ ለሁዳዴ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ እንዳለ በወሬ ወሬ ሰማሁ፤ ሙሉ ደመወዝ አይሞላም፣ ግማሽ ይሆናል። የእናትየውን አልበም እሱ ራሱ ቤታቸው ድረስ ወስዶላቸዋል። ምን አሉህ ስለው፣ «ምንም አላሉኝም፤ ቡና አፈሉልኝ» አለኝ።

«ያ ልጅስ?» አልኩት።

«ደውዬለት ነበር» አለ። «አላነሣም።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ወደ መሳቢያው ተመለሰ።