ሰብር ሕመምን መደበቅ አይደለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የማወራችሁ ስለማይታይ ሕመም ነው። እኔ መሐንዲስ እንጂ ዓሊም አይደለሁም። ከወገብ ሕመም ጋር ስድስት ዓመት ስለኖርኩ ግን ጉዳዩን አውቀዋለሁ። በተራዊሕ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰግደውን ወጣት አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ።

ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየን ወይም እየተመላለሰ የሚመጣን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል። በ2023 በአሜሪካ በተደረገ የመንግሥት የጤና ጥናት ከ100 አዋቂዎች 24 ያህሉ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረባቸው። ከ100ው ከ8 የሚበልጡት ደግሞ ሥራቸውንና የዕለት ኑሯቸውን አውኮባቸዋል።

ሕመም እንደ ጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው። አንዳንዴ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ነርቮች ደወሉን መደወል አያቆሙም። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሰውየው ግን በእውነት ሊታመም ይችላል። "ምንም የለብህም" አትበሉት።

አሁን በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ቤቶቻችንን እንይ። አባት ቀኑን ሙሉ ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዳ ይውላል። እናት በነርሲንግ ሆም ታማሚ ስታነሳና ስታገላብጥ ታድራለች። ቤት ሲገቡ "እንዴት ነሽ?" ስትሏት መልሷ "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ነው። ምስጋናው እውነት ነው። ግን ከምስጋናው ጀርባ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት አለ። ዘመድ መጠየቅ ቀርቷል፤ ደረጃ መውጣት ከብዷል፤ ለሱጁድ መውረድ አስፈርቷል። አባትም ቁጡ የሆነው ጠባዩ ተበላሽቶ ሳይሆን ሕመሙ አድክሞት ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቻችን ሰብር ማለት ዝም ማለት ይመስለናል። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ.) ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው በአንደበታቸው ተናግረዋል። አላህም በቁርአን ታጋሽ ብሎ አመስግኗቸዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ራሷን አሟት ስትናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የራሳቸውም ራስ እንደሚያማቸው መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ከእሳቸው የበለጠ ታጋሽ ማን አለ? ለአማኝ የምትወጋው እሾህ እንኳ ወንጀሉን እንደምታስምርለት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ መድኃኒት ፈልጉ ብለው ያዘዙንም እሳቸው ናቸው። አጅርን መጠበቅና ሐኪም ዘንድ መሄድ አይጋጩም።

ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ኪንታሮት ነበረባቸው። ስለ ሰላታቸው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካቃታቸው በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። ባልደረባው ስለ ኪንታሮት ለመናገር አላፈሩም፤ መልሱም ቁጣ ሳይሆን ማቅለያ ነበር። ስለዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አሳፍሮህ ከመስጂድ የቀረህ ወንድሜ፣ ያፈርክበት ነገር አላህ የሰጠህ ሩኽሳ ነው፤ ተመለስ። መጾም ያቃተውም ዓሊምና ሐኪም ይጠይቅ።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

አንደኛ፣ የሕመምን ቃላት ከወላጆቻችሁ ተማሩ። እናንተ "አመመኝ" ትላላችሁ፤ እነሱ ግን ውጋት፣ ቁርጥማት፣ ቁርጠት፣ ጥዝጠዛ፣ ማቃጠል፣ መደንዘዝ እያሉ ይለያሉ። ሐኪም ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡ ሲላቸው ይቸገራሉ። ሆኖም "ያቃጥለኛል፣ እግሬን ያደነዝዘኛል" የሚለው ንግግር ነርቭ ሊሆን እንደሚችል ለሐኪሙ ይጠቁማል። እነዚህን ሁሉ "ፔይን" ብላችሁ ከተረጎማችሁ ግማሹን ታሪክ ጣላችሁት።

ሁለተኛ፣ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ነገር አለ። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙላት ጠይቁ። ኢንሹራንስ ለሌለው በኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ያለው የሙስሊም ኮሚኒቲ ሴንተር ክሊኒክ አለው።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት ሳጥኑን እዩ። አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ምክር በየቀኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ጠንካራውን ማስታገሻ ደግሞ ከሰው ተቀብሎ መዋጥ ሱስና ሞት ሊያስከትል ይችላል። እኔን የረዳኝ በፊዚዮቴራፒ የተማርኩት እንቅስቃሴና በየቀኑ መራመድ ነው። ሕመሙ አልጠፋም፤ ኑሮዬ ግን ተመልሶልኛል። ለብዙ ሰው የሕክምናው ግብ ይህ ነው፤ መተኛት፣ መሥራት፣ ከቤተሰብ ጋር መሳቅ መቻል።

አራተኛ፣ የገበያውን ዕቃ ተሸከሙ፤ ልብሱን እጠቡ። ለወላጅ በጎ መዋል ከዚህ ይጀምራል። ዛሬ ማታ እናታችሁ "ደህና ነኝ" ስትላችሁ አጠገቧ ተቀመጡና "የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" በሏት።

አላህ ለሕሙማኖቻችን አፊያን ይስጣቸው፤ ሕመማቸውን የወንጀላቸው ማበሻ ያድርግላቸው፤ እኛንም የሚሰማ ጆሮ አይንፈገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።